133 ለምን ስም የለውም?

ጭሮ ላይ ሱቅ ስትገቡ ግድግዳው ላይ የቀን መቁጠሪያ አታጡም። አንዱ ጋ የባንክ ማስታወቂያ፣ አንዱ ጋ ቅዱስ ሚካኤል፣ ሌላው ጋ መካ። ከመስቀሉ በፊት ባለው በዓላት በሚዘረዘሩበት ገጽ ላይ፣ ብዙ ሰው ዘሎት የሚያልፈው ትንሽ ሣጥን አለ። የ2018ቱ እንዲህ ይላል፦ ዓመተ ዓለም 7518፤ ወንጌላዊ ማርቆስ፤ ወንበር 12፤ አበቅቴ 12፤ መጥቅዕ 18፤ ነነዌ ጥር 25፤ ፋሲካ ሚያዝያ 4።

ይህ ጽሑፍ የዚያ ሣጥን ሂስ ነው። አዎ፣ ሂስ። ልብ ወለድ ይተቻል፣ ፊልም ይተቻል፣ ቅኔ ይፈታል። ባሕረ ሐሳብ ግን ወይ ይመለካል ወይ ይተዋል፤ መሃሉ የለም። ለዘመናት በቃል የተያዘ፣ የራሱ ቃላት፣ የራሱ ቅርጽና የራሱ ትርጓሜ ያለው ሥራ ሆኖ ሳለ ቁጭ ብሎ «እስቲ ምን እያለ ነው? የቱ ጋ ይበረታል? የቱ ጋ ይሳሳታል?» የሚለው ጥቂት ነው። እኔ ራሴ ልጅ ሆኜ የኔታ ዘንድ ቀመሩን ይዤዋለሁ። ትምህርት ቤት ደግሞ ስለ ቀሪና ስለ ትንሹ የጋራ ብዜት ተምሬያለሁ። ሁለቱ አንድ ነገር መሆናቸውን ግን ማንም አልነገረኝም። ቂሜ ከዚያ ይጀምራል።

*

መጀመሪያ እናስላው። ስልካችሁን አውጡና ማስያውን ክፈቱ።

2018 ላይ 5500 ስንደምር 7518። ይሄ ዓመተ ዓለም ነው። ለ4 ስናካፍለው 1879 ደርሶ 2 ይቀራል። ቀሪው 1 ሲሆን ማቴዎስ፣ 2 ሲሆን ማርቆስ፣ 3 ሲሆን ሉቃስ፣ ምንም ካልቀረ ዮሐንስ ነው። ስለዚህ ማርቆስ። አሁን 7518ን ከ1879 ጋር ደምሩት፤ 9397 ይሆናል። ለ7 ስታካፍሉት 3 ይቀራል። ከማክሰኞ አንድ ብላችሁ ቁጠሩ፤ ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ። የ2018 መስከረም 1 ሐሙስ ነበር።

ቀጥሎ 7518ን ለ19። 13 ይቀራል። አንድ ቀንሱ፤ 12። ይሄ ወንበር ነው። ወንበሩን በ11 አባዙ፤ 132፤ ሠላሳ ሠላሳውን ስታወጡ 12 ይቀራል፤ አበቅቴ። እንደገና ወንበሩን በ19 አባዙ፤ 228፤ ሠላሳ ሠላሳውን ስታወጡ 18፤ መጥቅዕ። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ሁልጊዜ 30 ናቸው። መጥቅዑ ከ14 ስለሚበልጥ በዓሉ መስከረም ላይ ይውላል (ቢያንስ ኖሮ ጥቅምት ላይ ነበር)። መስከረም 18 እሑድ ነው፤ የእሑድ ተውሳክ 7፤ 18 ሲደመር 7 ይሆናል 25። ጾመ ነነዌ ጥር 25 ገባ። የትንሣኤን ተውሳክ 9 ስንጨምር 34፤ ወር ሞልቶ 4 ተረፈ። ፋሲካ ሚያዝያ 4።

ያለ ስልክ፣ ያለ ወረቀት፣ በጣት አንጓ ይህን የሚያወጡ ሰዎች አሉ። እሱን ለማድነቅ ሂስ አያስፈልግም። ሂስ የሚያስፈልገው «ለምን?» ለሚለው ነው።

*

ባሕረ ሐሳብ ሰባት ዐውዶችን ይቆጥራል። ዐውደ ዕለት 7 ቀን ነው። ዐውደ ወርኅና ዐውደ ዓመት የወሩና የዓመቱ ናቸው። ከዚያ በዓመት የሚቆጠሩት አራቱ ይመጣሉ፦ ዐውደ አበቅቴ 19፣ ዐውደ ፀሐይ 28፣ ዐውደ ማኅተም 76፣ ዐውደ ቀመር 532።

አሁን እንደ ሂሳብ ተማሪ እንያቸው። ሦስት መሠረታዊ ቁጥሮች አሉ፤ የወንጌላውያኑ 4፣ የሳምንቱ 7፣ የጨረቃዋ 19። ሁለት ሁለቱን እናባዛ። 4 በ7፣ 28፤ ስም አለው። 4 በ19፣ 76፤ ስም አለው። ሦስቱም አንድ ላይ 532፤ ስም አለው፤ የቁጥሮቹም አለቃ እሱ ነው። 7 በ19፣ 133። ስም የለውም።

መጀመሪያ ሳየው የተረሳ መስሎኝ ነበር። ስሌቱን የሠሩት ሰዎች ለሁሉም ነገር ስም ሲያወጡ ይሄ እንዴት አመለጣቸው? ከዚያ በወረቀት ሠራሁት።

አንድ ዓመት 52 ሳምንትና 1 ቀን ነው። ስለዚህ መስከረም 1 በየዓመቱ አንድ ቀን ይገፋል። ጳጉሜን 6 ስትሆን ግን ሁለት ይገፋል። ከዚህ የተነሣ በ7 ዓመት መስከረም 1 ወደ ነበረበት ዕለት አይመለስም። በ4 ዓመት 5 ቀን ይገፋል፤ ሰባት ጊዜ አራት ዓመት ሲሞላ 35 ቀን፣ ማለትም ልክ 5 ሳምንት፤ ያኔ ይመለሳል። 28 የመጣው ከዚህ ነው። እንግዲህ 133 ዓመትን እንፈትነው። በ133 ዓመት ውስጥ ወይ 33 ወይ 34 ጊዜ ጳጉሜን 6 ትሆናለች። 133 ሲደመር 33፣ 166፤ ለ7 ሲካፈል 5 ይቀራል። በ34 ከሆነ 167፤ 6 ይቀራል። ዜሮ በጭራሽ አይመጣም።

133 ዐውድ አይደለም። ምንም የሚያዞረው ነገር የለም። ስም ያልወጣለት ስለተረሳ አይደለም፤ ስለሌለ ነው።

አንድ ትውፊት ቁጥሮችን ለጌጥ የሚደረድር ቢሆን ኖሮ 133ን አይተወውም ነበር። ሰባት በአሥራ ዘጠኝ! ሰባት ቅዱስ፣ አሥራ ዘጠኝ የጨረቃ፤ ስንት ስብከት ይወጣዋል። የተተወው ያወቀ ሰው ስለ ሠራው ነው። አንድን ደራሲ ከጻፈው ይልቅ ከሰረዘው እናውቀዋለን ይባላል፤ እዚህም ያው ነው።

*

ሁለተኛው ማስረጃዬ ቅዳሜ ነው።

ተውሳክ የምንላቸው ቁጥሮች እነዚህ ናቸው፦ እሑድ 7፣ ሰኞ 6፣ ማክሰኞ 5፣ ረቡዕ 4፣ ሐሙስ 3፣ ዓርብ 2። በቅደም ተከተል እየወረዱ መጡ፤ ቅዳሜ 1 መሆን ነበረበት። አይደለም። 8 ነው።

ልጅ ሆኜ ጠይቄያለሁ። «የኔታ፣ ቅዳሜ ለምን ስምንት ሆነ?» የኔታ ፈገግ አሉና «ልጄ፣ መጀመሪያ ያዘው፤ ኋላ ይገባሃል» አሉኝ። ኋላ የሚለው ሃያ ዓመት ፈጀ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የተውሳኩ ሥራ ነነዌን ሰኞ ላይ ማሳረፍ ነው። ከመስከረም እስከ ጥር አራት ወር፣ 120 ቀን ነው፤ 17 ሳምንትና 1 ቀን። መጥቅዑ እሑድ ከዋለ 7 ጨምረን፣ 120 ስንሻገር ሰኞ ላይ እናርፋለን። ለቅዳሜ 1 ብንጨምርም ሰኞ ላይ ያርፋል፤ 8 ብንጨምርም ሰኞ ላይ ያርፋል። ልዩነታቸው አንድ ሙሉ ሳምንት ነውና ለሳምንቱ ቀን ግድ አይሰጠውም። ታዲያ ለምን 8?

መልሱ ፍሥሕ ነው፤ የአይሁድ ፋሲካ። በስሌቱ ፍሥሕ ከበዓለ መጥቅዕ 190 ቀን በኋላ ይውላል፤ 27 ሳምንትና 1 ቀን። መጥቅዑ ቅዳሜ ከሆነ ፍሥሑ እሑድ ነው ማለት ነው። 1 ብንጨምር ትንሣኤና ፍሥሕ አንድ ቀን ይገጥሙ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ትንሣኤ ከፍሥሕ በኋላ ባለው እሑድ እንዲሆን ትፈልጋለች፤ ከገጠመ አንድ ሳምንት ይገፋ ነው ሕጉ። ያ ሁሉ ክርክር፣ ያ ሁሉ ጉባኤ፣ በአንዲት ቁጥር ውስጥ ተጣጥፎ ተቀምጧል። 1 ሳይሆን 8።

እኔ እንደ አንባቢ ከዚህ የተሻለ ሰምና ወርቅ አላውቅም። ሰሙ «ቅዳሜ ስምንት» ነው፤ ሕፃን ይይዘዋል። ወርቁ «ቅደም ተከተሉ የተሰበረበትን ቦታ ፈልግ፤ ምክንያቱ እዚያ ነው» የሚል ነው።

*

አሁን ወደ አንባቢዎቹ ልምጣ፤ ሂሱ የሚበረታው እዚህ ነውና።

የመጀመሪያው አንባቢ ስልካችን ውስጥ ያለው ነው። በቴሌግራምና በቲክቶክ ባሕረ ሐሳብ እንዴት እንደሚቀርብ ታውቃላችሁ፤ ጭጋጋማ ተራራ፣ በገና፣ «ዓለም ያልደረሰበት ምሥጢር»። ስሌቱ አይታይም። ቢታይም ውጤቱ ብቻ ነው። ምሥጢር ማለት ደግሞ በተዘዋዋሪ «አትንካው» ማለት ነው። የማይነካ ነገር አይወረስም። 532ን የሚያስከብረው 4፣ 7 እና 19 የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው፣ ትንሹ የጋራ ብዜታቸውም ብዜታቸው ራሱ መሆኑ ነው። ይህን የስድስተኛ ክፍል ልጅ ይረዳዋል። ከምሥጢርነቱ ዝቅ አለ? እኔ ከፍ ያለ ነው የሚመስለኝ።

ሁለተኛው አንባቢ ስለ ድሜጥሮስ የሚተርከው ትውፊት ነው። የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ድሜጥሮስ ሱባዔ ገብቶ ቀመሩ ተገለጠለት ይባላል። ከ23 ሱባዔ 161 ቀን፣ ሠላሳ ሠላሳው ሲወጣ 11፤ የአበቅቴ ጥንት። ከ7 ሱባዔ 49 ቀን፣ ሠላሳው ሲወጣ 19፤ የመጥቅዕ ጥንት። ትረካው ያምራል፤ ለማስታወስም ይመቻል። ግን 11 ሌላ መንገድም አለው፤ የፀሐይ ዓመት 365፣ የጨረቃ ዓመት 354፣ ልዩነቱ 11። 19 ደግሞ 30 ሲቀነስ 11 ነው። ትረካውን ተውት አልልም። ሁለቱን መንገድ ጎን ለጎን አስተምሩ ነው የምለው። አንዱ እንዴት እንደምናስታውሰው፣ ሌላው ለምን እንደሚሠራ ይነግረናል። አንደኛውን ብቻ የሰማ ልጅ ሲያድግ ሁለቱንም ይጥላል፤ ስንቶቻችን ጥለናል።

ሦስተኛው ምሁሩ ነው። ኦቶ ኖይገባወር እ.ኤ.አ. በ1979 ስለ ኢትዮጵያ ሥነ ፈለክና የዘመን ስሌት ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ፤ የኛ ብራናዎች የጥንቱን የእስክንድርያ ስሌት ይዘው መቆየታቸውን አሳየ። የእሱ ዋና ጥያቄ «ከየት መጣ?» ነው። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2000 «ባሕረ ሐሳብ» የሚለውን መጽሐፋቸውን በአማርኛ አወጡ፤ ንዑስ ርእሱ «የዘመን ቆጠራ ቅርሳችን ከታሪክ ማስታወሻ ጋራ» ይላል። ቆጠራውን ከታሪክ ጋር ማጣመራቸው ትክክለኛ ፍርድ ነው፤ ምክንያቱን በምሳሌ ላሳይ።

አሰቦት ገዳምን አስቡ፤ ከሚኤሶ አቅራቢያ፣ ከጭሮ ብዙም ሳይርቅ። እንዲህ ካለ ገዳም አንድ ብራና አገኛችሁ እንበል። ዓመቱ አልተጻፈም። ግን ጸሓፊው «በዘመነ ማርቆስ፣ አበቅቴ 12፣ መስከረም ሐሙስ በባተበት ዓመት» ብሏል። ሦስት ትናንሽ ቀሪዎች ናቸው። ማርቆስና ሐሙስ ዓመቱን ከ28ቱ ውስጥ ይለያሉ፤ አበቅቴው ከ19ኙ ውስጥ ይለያል። አንድ ላይ ሲሆኑ በ532 ዓመት ውስጥ አንድ ዓመት ብቻ ይቀራል። 2018 አንዱ ነው። ከሱ በፊት 1486፣ በዐፄ እስክንድር ዘመን ማብቂያ ላይ። ከሱ በኋላ 2550። በመሃል የለም! ቀለሙ የ15ኛውን መቶ ዘመን የሚመስል ከሆነ ዓመቱ ታወቀ። የዓለም የሂሳብ መጻሕፍት ይህን የቻይናውያን የቀሪ ቲዎረም ይሉታል። የኛ ጸሓፊዎች ቲዎረም ብለው አልጻፉትም፤ በብራናቸው መዝጊያ ላይ ግን ይሠሩበት ነበር።

ያለመታደል ሆኖ እንዲህ ያሉ መጻሕፍት የሚያነቧቸው ቀድሞ የገባቸው ናቸው። ጨርጨርን የአገሪቱ ሞዴል አውራጃ ለማድረግ የደከሙት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የ«ፋቡላ» ደራሲም ነበሩ፤ ከባድ ነገር በእንስሳት ተረት ሊነገር እንደሚችል ያውቁ ነበር። ባሕረ ሐሳብ እንዲህ ያለ ጸሐፊ ይናፍቃል።

*

ሂስ ከሆነ ጉድለቱም ይነገር።

በ532 ዓመት ውስጥ 194,313 ቀናት አሉ። በግእዝ አኃዝ ፲፱፼፵፫፻፲፫። ይህ ቁጥር ለ7 ልክ ይካፈላል፤ 27,759 ሳምንት፣ ምንም ሳይተርፍ። ብቸኛ አካፋዮቹ 3፣ 7፣ 19 እና 487 ናቸው። በሳምንት በኩል ፍጹም ነው። በጨረቃ በኩል ግን ቀመሩ 6,580 የጨረቃ ወራት ሞሉ ይላል፤ የሰማይዋ ጨረቃ እነዚያን ወራት አንድ ቀን ተኩል ያህል፣ እንዲያውም ከዚያ ትንሽ አልፋ፣ ቀድማ ትጨርሳቸዋለች። በ19 ዓመት የሚፈጠረው ክፍተት አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ሲጠራቀም ግን ቀን ይሆናል። በ2018 ቀመሩ ፍሥሕን መጋቢት 28 ላይ ያኖረዋል። ጨረቃዋ ሙሉ የሆነችው መጋቢት 24 ነው። አራት ቀን።

ይህን መናገር መድፈር አይደለም። ቁጥሩ አልተሳሳተም፤ 532 ያው 532 ነው። ጨረቃዋ ናት ለሙሉ ቁጥር የማትመች። ሥራው የሚታየው ይህን ስናውቅ ነው፤ ሙሉ ባልሆነ ሰማይ ላይ ሙሉ ቁጥር ለብሰው ለአሥራ ምናምን መቶ ዓመት ሳይጣሉ ኖሩ።

ሌላ ጥንቃቄ። 7518ን ለ532 ብታካፍሉ 14 ደርሶ 70 ይቀራል። አሥራ አምስተኛው ዐቢይ ቀመር ላይ ነን፤ የጀመረውም በ1949 ነው። የሚያልቀው ዓመተ ዓለም 7980 ሲሞላ ነው። እንዴ! 7980 እኮ አውሮፓዊው ጆሴፍ ስካሊገር እ.ኤ.አ. በ1583 ያወጣው፣ የሥነ ፈለክ ሰዎች ዛሬም የሚያውቁት የጁልያን ዘመን ርዝመት ነው። ስልካችሁ ውስጥ ያለው ሰው ይህን ቢያገኝ በገናውን ያነሣል። ግን ተረጋጉ። ስካሊገር 28ን በ19 አባዝቶ በ15 አባዛው፤ 15ቱ የሮማውያን የግብር ዙር ነው። የኛ 15 አሥራ አምስተኛ ላይ መድረሳችን ብቻ ነው። የሱ ቆጠራ የሚነሣውም ከሌላ ዓመት ነው። 532ቱ በእውነት የጋራ ርስት ነው፤ 15ቱ ግጥምጥሞሽ። ቁጥርን የሚወድ ሰው ሁለቱን መለየት አለበት፤ አለዚያ 133ንም ስም እናወጣለታለን።

*

የዘንድሮው የካቲት ጭሮ ነበርኩ። ዐቢይ ጾም ሰኞ የካቲት 9 ገባ፤ ረመዳንም በዚያው ሳምንት። የሰፈራችን ባለሱቅ፣ ሁላችንም ሐጂ የምንላቸው፣ ገና ስገባ «የናንተስ ገባ አይደል?» አሉኝ። «ገባ ሐጂ፤ የእርስዎስ?» «ጨረቃዋን ማየት ነው» አሉ።

እዚያው ቆሜ አሰብኩት። 19 ዓመት 235 የጨረቃ ወራት ነው። 12 በ19፣ 228፤ ሰባት ይተርፋሉ። ባሕረ ሐሳብ ሰባቱን ወራት በፀሐይ ዓመት ውስጥ አጥፎ ያስገባቸዋል፤ ስለዚህ ፋሲካ ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ባለው 35 ቀን ውስጥ ይመላለሳል እንጂ ከዚያ አይወጣም። ሂጅራ አያጥፋቸውም፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከሰባት ወር ብሎ ይቀጥላል፤ ስለዚህ ረመዳን ክረምት በጋውን ሁሉ ይዞራል። ጨረቃዋ አንድ ናት። ልዩነቱ በሰባት ወራት ምን እናድርግ የሚለው ብቻ ነው። በ2015ም ሁለቱ ጾሞች ሳምንታት አብረው ሄደዋል። ምዕራብ ሐረርጌ ላይ ይህን ለማስረዳት መድረክ አያስፈልግም፤ ሱቁ ይበቃል፤ ሁለቱም ቆጠራ አንድ ግድግዳ ላይ አሉ።

ለሐጂ ሰባቱን ወራት በካርቶን ቁራጭ ላይ ጽፌ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ቆጠሩት፤ አንድ ጊዜ ተሳስተው እንደገና ቆጠሩት። «ታዲያ ይሄን ለምን ልጆቹን አያስተምሯቸውም?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ካርቶኑን ግን አልጣሉትም፤ የቀን መቁጠሪያው ሥር ሰክተውት ወጣሁ። እናንተም የተወለዳችሁበትን ዓመት ውሰዱና 5500 ደምሩበት። ለ19 ስታካፍሉት ምንም ካልቀረ ወንበራችሁ 18 ነው። ካልገባችሁ የሚገባውን ጠይቁ፤ «መጀመሪያ ያዘው» ካሏችሁ ያዙት፤ ግን ሃያ ዓመት አትጠብቁ።